አባቴ በአንድ ዓይን የተሳለበት ክረምት

ባለፈው ወር ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አዲስ ቤት የገባች ጓደኛዬን እንኳን ደስ አለሽ ልላት ሄጄ፣ በሯ ገና ቀለም ሲቀባ ደረስኩ። ቀቢው ጣሳውን ከፍቶ የተልባ ዘይትና ቲነር ያደባልቃል። ሽታው ከጎልማሳነቴ አውርዶ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ዘጭ አደረገኝ። ሌላው ሰው ተልባ ሲሸተው ጨጓራው ትዝ ይለዋል፤ እኔ ግን ሰርቪስ ቤታችንን ተከራይታ የነበረችው ሠዓሊ፣ ሰብለ፣ ትዝ አለችኝ። ከእሷ ጋር ደግሞ የአባቴ ሽንኩርት መጣ። ደረጃው ላይ ብቻዬን ቆሜ ስስቅ ጓደኛዬ ወጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ምንም አልኳት።

ያኔ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ እኛ የነበርንበት የላፍቶ ጫፍ ከተማም አልነበረም፣ ገጠርም አልነበረም። ከአጥራችን በዚህ በኩል የጭቃ ቤቶችና የቧንቧ ወረፋ፣ በዚያ በኩል የባቄላ ማሳ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው የሰው ጫማ ይቀማል። ታክሲ ከአስፋልቱ ስለማይወጣ፣ ሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቦት ጫማውን አስፋልት ዳር ካለችው ሱቅ አስቀምጦ፣ ደህናውን ጫማ አድርጎ ይሳፈራል። እኔ የሱቋ ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ቦት አይቼ ማን ሥራ እንደገባ፣ ማን አሞኛል ብሎ እንደቀረ እናገር ነበር። በዚህ የተነሳ ጎረቤቶቻችን አይወዱኝም።

አባቴ፣ ጋሽ ወርቁ፣ የአንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በኮስታራነቱ ነው። ከግቢያችን ውጭ ጥርሱን ያየ ሰው የለም። ልጆች መንገድ ላይ ሲራገጡ እሱ ብቅ ካለ ኳሷ ራሷ የምትቆም ይመስላል። ቀብር ላይ አርፍዶ የመጣ ዕድርተኛ የገዛ አማቹ ቢሆን እንኳ ይቀጣ ብሎ ድርቅ የሚል ሰው ነው።

እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ ሽንኩርት ይከትፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬን ሽንኩርት አይስማማትም። አንድ ራስ ከከተፈች ዓይኗ አብጦ ንብ የነደፋት ትመስላለች። ስለዚህ ከተጋቡ ጀምሮ ከታፊው አባዬ ነው። ኮቱን ያወልቃል፣ የእማዬን አሮጌ ሻሽ ወገቡ ላይ ያስራል፣ ዱካ ላይ ቁጭ ይላል። በመንገድ በኩል ያለው መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። የእኔ ሥራ ደግሞ የውጭው በር አጠገብ ተቀምጬ ሰው ሲመጣ ጉሮሮዬን መጥረግ ነው። እህህ ስል አባዬ እጁን በሎሚ አሽቶ፣ ሻሹን ትራስ ሥር ወርውሮ፣ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ይዞ ይገኛል። ጋዜጣው ሁልጊዜ ያው አንድ ጋዜጣ ነው። ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ጋዜጣ ሲያነብ የሚያገኘው እንግዳ፣ አገር ላይ ምን ወረደ ብሎ ክው ይላል።

ለምን እንደሚደበቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። በዚያ ዘመን እኛ ሰፈር ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ከተባለ ስሙ አለቀ። የእሱስ ይሁን፤ ስድቡ የሚብሰው ሚስቱ ላይ ነው። ባሏን ቀሚስ አለበሰችው ትባላለች፣ ቧንቧ ወረፋ ላይ ባልዲዋ ሳይሞላ ስሟ ይሞላል። እማዬ የምትፈራው ይሄን ነው። የጓዳን ገመና ጓዳ ይሸፍነዋል እያለች፣ የተዘጋውን በር ተመልሳ ትገፋዋለች።

ሰብለ የመጣችው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ በጋሪ። ጋሪው ላይ አንድ ፍራሽና አንድ ሻንጣ ነበር፤ የቀረው እንጨትና ጨርቅ ነው። እማዬ መጋረጃ ነጋዴ መስላት ደስ ብሏት ነበር። ልጅቷ ሠዓሊ ነኝ ስትላት ደግሞ ይበልጥ ደስ አላትና፣ እንግዲያው ገብርኤልን ትስይልኛለሽ አለቻት። ሰብለ ፈገግ ብላ እኔ የምስለው የቤት ውስጥ ኑሮ ነው አለች። ልብስ ሲታጠብ፣ ልጅ ሲበጠር፣ ምስር ሲለቀም። እማዬ ጋሪው ላይ ያለውን ጨርቅ እንደገና አየችና "ይሄንንማ ማን ያጣዋል?" አለቻት።

ቀጭን ናት፣ ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ ሰማያዊ ነገር አለ፣ ስትስቅ አፏን አትይዝም። ሽንኩርት ስትስል ልጣጩ ኮሽ ሲል የሚሰማ ይመስላል። ወጥ ስትሠራ ግን ውሻችን እንኳ አሽትቶ ይመለሳል። እማዬ "መሳል ትችላለች፣ ማቁላላት አትችልም፤ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው ያስተማራት?" እያለች ከእኛ ድስት ትጨልፍላታለች። ሰሃኑን የማደርስላት እኔ ነኝ፤ ካደረስኩ በኋላ አልመለስም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን የተልባ ሽታ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚንጣጣውን ዝናብ፣ ጸጥ ብላ ስትሠራ ምላሷን ጠቅ ጠቅ የምታደርገውን ሁሉ እወደው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያን ክረምት ከእናቴ ቀጥሎ የምወዳት እሷን ነው።

እማዬን ልሳልዎት ያለቻት ሐምሌ ውስጥ ነው። እማዬ ሰንብታ ተዘጋጀች። ፀጉሯን ተሠራች፣ የሀገር ልብሷን ከሻንጣ አወጣች፣ ሐብሏን አደረገች፣ ፎቶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። ፎቶ በአንድ ብልጭታ ያልቃል፤ ይሄኛው አላለቀም። እማዬ ትንፋሿን እየያዘች፣ ፊቷ እየቀላ፣ እየለቀቀች፣ እንደገና እየያዘች ብዙ ተሰቃየች። በመጨረሻ ሰብለ በቃ እትዬ፣ ይበቃል አለቻት። እማዬ እፎይ ብላ ልብሷን ቀይራ፣ ደጅ መደብ ላይ እግሯን ዘርግታ ምስር መልቀም ጀመረች። ሰብለ የምሯን መሳል የጀመረችው ያኔ ነው።

ሥዕሉ ሲገለጥ እማዬ አየችው፣ ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች። ብብቷ የተተረተረ የቤት ቀሚስ፣ ወደ ጆሮ የወረደ ሻሽ፣ አንድ እግር ላስቲክ ጫማ አለ፣ አንዱ የለም። "ልብሴስ?" አለች። ቀጥላም "ሐብሌስ?" አለች። ሰብለ ቀስ ብላ፣ እትዬ ያን ዕለት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልብሱ ብቻ ነበር፣ እርስዎ የመጡት በኋላ ነው ብትላት አልገባትም። ለሳምንት ያህል ከድስቷ የጨለፈችላት ሥጋ የሌለበትን እየመረጠች ነው።

እኔ ግን በሌላ ሐሳብ ተይዤ ነበር። እስከዚያ ዕድሜዬ ሥዕል ያየሁት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ላይ ያለ ሁሉ ወይ መልአክ ነው፣ ወይ ጻድቅ፣ ወይ ሰማዕት። የተሳለ ሰው ጻድቅ ነው ማለት ነው። እማዬም ከነምስሯ ጽድቅ ገብታለች ማለት ነው። ይሄ ሲገባኝ ጠባዬ ተለወጠ። ስትጠራኝ አቤት ብዬ ሁለት እጄን አጣምሬ ቆምኩ፣ ሳልላክ ውሃ ቀዳሁ፣ ጓዳ ስትገባ መቃኑን ሳምኩት። እማዬ ግንባሬን ዳሰሰችና ልጅቷ ትኩሳት አላት ብላ ነጭ ሽንኩርት አስዋጠችኝ።

ጉዳዩን ለማጣራት የሄድኩት እማማ ስንዱ ዘንድ ነው። እማማ ስንዱ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ማለዳ ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፣ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ሦስተኛዋ እሳቸው ናቸው። ምስር የያዘች ቅድስት የትኛዋ ናት ብዬ ጠየቅኋቸው። ምስሩን አላወቁትም። ነገር ግን ስለ ሥዕል ዋናውን ነገር ነገሩኝ። "ልጄ፣ ዓይኑን እዪ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው። ይሁዳና የዲያብሎስ ጭፍራ ነው በጎን፣ በአንድ ዓይን" አሉኝ። ሮጬ ሄጄ የእማዬን ሥዕል አየሁ። ወደ ሰፌዱ አጎንብሳለች፤ ሁለቱም ሽፋሽፍቶቿ አሉ። ልቤ ረጋ አለ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ሰሃን ይዤ ስገባ ሰብለ አንድ ትልቅ ሥዕል አቁማለች። ጨለም ያለ ማጀት ነው፣ አንድ አምፖል። ዱካ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፣ ወገቡ ላይ አበባ ያለበት ሻሽ፣ ጉልበቱ ላይ መክተፊያ፣ ጉንጩ ላይ እንባ። አባዬ ነው። ኮስታራው አባቴ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ።

የት አየሽው አልኳት። በጣቷ አሳየችኝ። የማጀቱ የኋላ መስኮት ከሰርቪሱ በር ፊት ለፊት ነው፤ ለጢሱ ሲባል አይዘጋም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በዝናብ ተቀምጬ የምጠብቀው ከውጭ የሚመጣውን ነበር፤ ከውስጥ የተከራየውን ማን ጠበቀ!

ከዚያ ዓይኑን አየሁ። አባዬ ፊቱን ከሽንኩርቱ ወደ ጎን አዙሯል። አንድ አፍንጫ፣ ግማሽ አፍ፣ አንድ ዓይን። ሌላውስ ዓይኑ አልኳት። ሰብለ ብሩሿን እየጠረገች፣ ሌላው በዚያኛው በኩል ነው አለችኝ። ከሸራው ኋላ ዞሬ ሄጄ አየሁ። እንጨትና ምስማር ብቻ ነው። ያን ዕለት እራት አልበላሁም። አባዬ ጎኔ ተቀምጦ ሲጎርስ በቆረጣ እያየሁት፣ ይሄ ሰው ምን አድርጎ ይሆን እል ነበር። ለማን እናገራለሁ? ለእማዬ ብነግራት ሰብለን ታባርራታለች፤ ለእማማ ስንዱ ብነግራቸው ሰፈሩ ይሰማል። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ዕድሩ ደግሞ በዚያው ሰሞን አዲስ ዳኛ ሊመርጥ ነው። አባዬ ይሄን ነገር ይፈልገው ነበር፤ አፉ ባይናገርም እኛ እናውቃለን። መስታወት ፊት ቆሞ ንግግር ሲለማመድ እማዬ ይዛዋለች። ሽማግሌዎቹ ቤቱ መጥተው፣ ሰውየውን አነጋግረው፣ ከወደዱት ለጉባኤ ያቀርቡታል፤ የዕድሩ ልማድ ነው። ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከመካከላቸው የሚፈራው ሃምሳ አለቃ ተካልኝ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ ጢሙ የተጠመዘዘ፣ ፊቱ ከአባዬም የባሰ። አባዬን አይወደውም፤ አንድ ሰፈር ሁለት ኮስታራ አይችልም። እማማ ስንዱም አልተጠሩም፣ ግን መጡ።

እማዬ ቤቱን ከማለዳ ጀምራ ስትፈትግ ነበር። ጓዳ የሚታይ ነገር እንዳይኖር መጋረጃውን በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። አባዬ ክራቫት አስሯል። ወሬው መልካም እየሄደ ነበር፣ ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረው ነበር፣ በረዶው ሲወርድ።

እንደዚያ ያለ በረዶ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚገለበጥ ይመስላል። ከሰርቪሱ የሰብለ ጩኸት ተሰማ፤ ጣሪያው አፍስሶ ሥዕሎቿ ላይ ውሃ ይወርዳል። እማዬ ነገር አትረሳም፣ ሰው ግን አትጥልም። ነጠላዋን ጥላ ሮጠች፣ እኔም ተከተልኩ። ሦስታችን ሸራ ተሸክመን፣ በረዶ እየደበደበን፣ ደረቅ ወደሆነው ብቸኛ ቦታ ገባን። ደረቁ ቦታ ሳሎኑ ነው።

አንደኛው የእማዬ ምስር ነበር። ሽማግሌዎቹ በትሕትና አዩት፤ እማዬ በትሕትና ብብቷን ያዘች። ሁለተኛውን የተሸከመችው ሰብለ ናት። ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። ልታዞረው ብትሞክር ቀለሙ አልደረቀም፤ ክረምት ላይ የዘይት ቀለም ሳምንት ሙሉ እርጥብ ነው፣ ግድግዳ ከነካ አለቀለት። ከሠራችው ሁሉ የምትወደው እሱን ነው። ፊቱን ወደ ሰዉ አድርጋ አቆመችው።

አባዬ አየ። እማዬ አየች። ሦስቱ ሽማግሌዎች አዩ። በረዶው ያን ሰዓት ፀጥ አለ፣ ሆን ብሎ ይመስለኛል።

እማዬ ጓዳ መግቢያው ላይ ግንቡን ተደግፋ ቀረች። ሻሹን፣ መክተፊያውን፣ ምላሱን ሁሉ ዓይታለች፤ አለቀልን ብላለች። በእርግጥም ትልቁ ሽማግሌ ወደ ሻሹ እያዩ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር። ነገር ግን እማማ ስንዱ ቀደሟቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሸራው አጠገብ ደርሰው፣ አማተቡ።

"ወርቁ ልጄ፣ ይህቺን ልጅ ምን በድለሃት ነው በአንድ ዓይን የሳለችህ?"

ሁሉም ከሽንኩርቱ ላይ ዓይኑን አንሥቶ የተሳለው አንድ ዓይን ላይ አሳረፈ። ሽንኩርቱ ተረሳ። ሃምሳ አለቃ ተካልኝ ጢሙን ጠመዘዘና፣ ሠዓሊ ያላየችውን አትስልም፣ ለመሆኑ ሕዝብ ሊዳኝ የተነሣ ሰው በይሁዳ መልክ የሚሳለው በምን ሥራው ነው አለ። ሰብለ ልታስረዳ ጀመረች፤ ሰው በጎን ሲታይ እንዲህ ነው፣ ሌላው ዓይናቸው በዚያኛው በኩል አለ አለች። እኔ ከኋላ ሆኜ የለም፣ አይቻለሁ ልል ስል እማዬ አፌን በእጇ ጫነችው። ሃምሳ አለቃ አባዬን አየውና፣ ይሄ አንተ ነህ ወይስ አይደለህም ብሎ ጠየቀው፤ አንዱን በል።

አባዬ ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። ነኝ ቢል ማጀት ገብ ነው፣ ያውም ባለ አንድ ዓይን። አይደለሁም ቢል ያልቃል፤ ሰብለም ቀናውን አንገቷን ደፍታ እንዲያ እንዲል የምትጠብቅ ይመስል ነበር። ያኔ እናቴ፣ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ፍልሰታን የጾመች፣ ውሸት ከተናገርሽ አፍሽን በበርበሬ ነው የማሽልሽ የምትለኝ እናቴ፣ ከግንቡ ላቀቅ ብላ "እሱ አይደለም። ወንድሜ ነው" አለች።

እማማ ስንዱ ዞር ብለው አዩአት። "ወንድምሽማ ራሰ በራ አይደለም እንዴ?" አሉ።

የእማዬ ፊት ምን እንደመሰለ አልነግራችሁም። አባዬ ያን ፊት አየ። ክራቫቱን ላላ አደረገ፣ ተነሣ።

"አስካለ፣ ቢላዋ አምጪ" አላት እማዬን።

ትልቁ ሽማግሌ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ሰብለ ሸራዋ ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች። ሃምሳ አለቃ ወታደር ነውና ቆመ።

"ሽንኩርትም" አለ አባዬ።

ኮቱን አውልቆ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀለው። ዱካውን ከጓዳ ራሱ አወጣ፤ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው መጋረጃ እማዬ እያየች ተዘነጠለ። ሳሎን መሐል፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጠና፣ እያንዳንዷን ቃል እንደሚመዝን ሰው ተናገረ። "እኔ ነኝ። የአስካለን ዓይን ሽንኩርት ያሳብጠዋል፤ ስለዚህ ከተጋባን ጀምሮ እኔ ነኝ የምከትፈው። የእኔንም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ፊቴን አዞራለሁ። ክፋቴ ይሄ ነው፤ እዩት።"

ከተፈ። ቢላዋው መክተፊያው ላይ ጣ ጣ ጣ ሲል፣ ሽንኩርቱ እንደ ጸጉር እየቀጠነ ሲወርድ፣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ወዲያው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፣ ምላሱን በጥርሱ ያዘ። ልክ ሥዕሉ። እማማ ስንዱ ከተቀመጡበት ሆነው አንድ ዓይን አሉ። ተነሥተው በዚያኛው በኩል ዞሩና ይሄው ደግሞ አንድ አሉ። ፊት ለፊቱ መጥተው ቁጢጥ አሉና ሁለት አሉ። "ሁለት አሉት። ቅድስት ሥላሴ ምስክሬ ናቸው፣ ሁለት አሉት" አሉ። እኔ አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ነው አሉኝ፤ አልነበረም። አባቴ ይሁዳ እንዳልሆነ በዕለቱ ነው ያረጋገጥኩት።

ሃምሳ አለቃ ተካልኝ ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ዓይኑን መክተፊያው ላይ ተክሎ ሲያይ ነበር። እግሩን ያወዛውዛል፣ ጉንጩ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ አልቻለም።

"ሥሩን ቀድመህ ቆረጥከው እኮ!" አለ። "ሥሩ ነው የሚያስለቅሰው። ሥሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው።"

ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሃምሳ አለቃ ከጢሙ እስከ ጆሮው ቀላ። ወታደር ቤት ነው የተማርነው አለ። ትልቁ ሽማግሌ፣ ሃምሳ አለቃ ሆይ ወታደር ቤት ከወጣህ ስንት ዘመንህ፣ የአሁኑ ሽንኩርት እንደ ድሮው ነው እንዴ ብለው ጠየቁት። ሃምሳ አለቃ ጢሙን ጠመዘዘ። ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸው መሬት መሬት እያዩ፣ እኛ ቤትስ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ነው የሚዘፈዘፈው አሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት።

መጀመሪያ የሳቀችው ሰብለ ናት፣ አፏን ሳትይዝ። ከዚያ እማዬ ሳቀች፤ ቆማ መቻል አቅቷት የምስሩ ሥዕል አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ በእንግዳ ፊት ጥርሱን ሲያሳይ ያን ቀን ነው ያየሁት።

መስከረም ሳይጠባ አባዬ ዳኛ ሆነ። ሐሳቡን የደገፈው ሃምሳ አለቃ ተካልኝ ነው፤ ምክንያት አልሰጠም። አባዬ በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥቶ፣ ለቅሶ ቤት ወንዶቹ ድንኳን ከተከሉ በኋላ ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ የሰፈር ሽንኩርት ከትፈው ዓይናቸው ይጠፋል፣ ከእንግዲህ ሽንኩርቱ የወንድ ነው አለ። ጉርምርምታ ተነሣ። ሃምሳ አለቃ ዞር ብሎ ማን ነው ያጉረመረመው ሲል ፀጥ አለ።

ያቺ ሕግ ሥራ የጀመረችው ጋሽ ዳምጠው ሲሞቱ ነው። ጋሽ ዳምጠው ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰፈሩ ውስጥ ያልከሰሱት ሰው አልነበረም። አጥራቸውን የነካ ኳስ በቢላዋ ቀድደው ነው የሚመልሱት። የሰላም ሰላምታ የሚሰጣቸው ጠፍቶ ብቻቸውን ኖረው ብቻቸውን ሞቱ። ሴቶቹ እንኳ ማን ያለቅስላቸዋል ብለው ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ።

ወንዶቹ ድንኳኑን ተከሉና በሁለት አግዳሚ ተደርድረው ተቀመጡ፣ እያንዳንዱ እግሩ ሥር ትሪ፣ እጁ ላይ ቢላዋ። ብዙዎቹ ሽንኩርት ይዘው አያውቁም፤ ወይም አናውቅም ነው ያሉት። ሃምሳ አለቃ ሥሩን፣ ሥሩን እያለ ያዝዛል። ማንም አልሰማውም። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ ሙሉ ለቅሶ ሆነ። ጎልማሶቹ በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ፣ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፣ ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሰብለ ከእኔ ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ በእርሳስ ትስላለች፤ እየሳቀች እጇ አልታዘዝ ይላታል።

የጋሽ ዳምጠው እህት ከሰላሌ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ሸምገል ያሉ፣ ከአውቶቡስ ወርደው በጭቃ የመጡ፣ ነጠላቸው እስከ ጉልበት የቆሸሸ። የድንኳኑ በር ላይ ቆመው ረድፉን አዩ፤ አንዱ ያለቅሳል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ያለቅሳል፣ ረድፉ ሁሉ ያለቅሳል። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አየሁ፣ ከዚያ ሌላ ነገር።

"ሰው የለውም ይሉኝ ነበር" አሉ። "ወንድምሽን ሰው አይወደውም እያሉ ስንት ዓመት አቃጠሉኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ነው የለውም ያሉኝ?"

የሰብለ እርሳስ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፣ አባዬ ቀና ብሎ አየው፣ ዘጋው። አባዬ ተነሣ። ጉንጩ እንደረጠበ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሄደና አቀፋቸው።

"ነበረው እናቴ" አላቸው። "ይግቡ።"

ሴትየዋ ደረቱ ላይ ሆነው ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ፣ አባዬ ቀስ እያለ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው። እጃቸውን እንደያዘ፣ በእግሩ የሽንኩርቱን ትሪ ወደ አግዳሚው ሥር ገፋው። ሃምሳ አለቃ አየውና የራሱን ገፋ፤ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ፣ እስከ ረድፉ ጫፍ።